አንድ መደብ ንጹሕ ሆኖ ስለታየ ዝርያው ተባይ ይቋቋማል ማለት ይቻላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በምትገኝ ቀበሌ የሰብል ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ክረምት በአንድ አርሶ አደር ማሳ ላይ ሦስት የአኩሪ አተር ዝርያዎችን ጎን ለጎን ዘራን። ለእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ሰፊ መደብ ነበር። ከጫት ማሳው ቀጥሎ የተዘራው ዝርያ ፈጥኖ ደረሰ፤ ቅጠሉም ፍሬ የሚይዘው ቆባውም ንጹሕ ነበር። ሁለቱን ግን ትል በላቸው፤ ክሽክሽም (ጭማቂ መጣጭ ደቃቅ ነፍሳት) ነበረባቸው። መሃል ላይ አርሶ አደሩ ሰግቶ ሁሉንም አንድ ጊዜ መድኃኒት ረጨ። ንጹሑን ዝርያ ‹ተባይ ይቋቋማል› ብለን ዘሩን አባዝተን ብናከፋፍል ምን ይመስልዎታል? ካልሆነ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ክሽክሽ የሚቋቋም አኩሪ አተር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እሱን ማስመጣት አይሻልም?»

በዚህ መረጃ ብቻ አይቻልም። ዝርያው በእርግጥ ተባይ የሚቋቋም ሊሆን ይችላል። ያያችሁት ነገር ግን ይህን አያሳይም። ያያችሁት አንድ መደብ በአንድ ክረምት ብዙ ተባይ እንዳልታየበት ብቻ ነው። ተባዩ ሳይመጣ መቅረቱ ሌላ፣ መጥቶ ሰብሉን መጉዳት አለመቻሉ ሌላ። አርሶ አደሩ «ይቋቋማል» ሲባል የሚረዳው ሁለተኛውን ነው። ዘሩን ይወስዳል፤ ማሳውን መቃኘት ይተዋል፤ ለመድኃኒት ያስቀመጠውን ገንዘብም ለሌላ ያውላል። በቀጣዩ ክረምት ተባዩ ከመጣ ምርቱን ያጣል። ከዚያ በኋላ የባለሙያ ምክር ለመስማት ይከብደዋል። ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ የምመልሰው ለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ንጹሑ ዝርያ ፈጥኖ ደራሽ መሆኑን ልብ ይበሉ። ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይህ ነው። ቆባ የሚቦረቡረው ጓይ ትልና ቆባ የሚመጥጡ ትኋኖች አኩሪ አተርን አጥብቀው የሚፈልጉት አበባና ቆባ ሲይዝ ነው። ቁጥራቸውም ወደ ወቅቱ መጨረሻ እየጨመረ ይሄዳል። ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ቆባውን ሞልቶ ሲጨርስ ተባዩ ገና መብዛት እየጀመረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዝርያው አመለጠ እንጂ አልተቋቋመም። ማምለጥም ጥቅም አለው፤ አልንቀውም። የሚሠራው ግን የመዝሪያ ጊዜው ሳይዛነፍ ሲቀር ነው። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ከገባ ያው ፈጣን ዝርያ ተባዩ በሚበዛበት ሰዓት ቆባ ይዞ ይገኛል። የዝናብ መዘግየት ደግሞ ለሐረርጌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ፈጣኑ ዝርያ ቢጫ ሆኖ መድረቅ ሲጀምር ላዩ ላይ የነበረው ተባይ አብሮ አይደርቅም። ወደ ጎረቤቱ አረንጓዴ መደብ ይሻገራል። ጎን ለጎን ስትዘሩ ዘግይተው የሚደርሱት ሁለቱ የራሳቸውንም የጎረቤታቸውንም ተባይ ተሸክመው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተበሉት ዝርያዎች ከእውነተኛ ማንነታቸው የባሱ ሆነው ታይተው ይሆናል። እንደ አዋሳ-95 ያለ ፈጥኖ ደራሽን እንደ በለሳ-95 ካለ ዘግይቶ ደራሽ ጋር አንድ ቀን ዘርቶ፣ አንድ ቀን ተባይ ቆጥሮ ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው። በመቁጠሪያው ቀን አንዱ ቆባ እየሞላ ነው፣ ሌላው ገና እያበበ ነው። ማወዳደር ያለብዎት በመድረሻ ጊዜ የሚቀራረቡ ዝርያዎችን ነው። ይህ ካልተቻለ የሁለቱም አበባ በአንድ ሰሞን እንዲወጣ የመዝሪያ ቀናቸውን ያለያዩ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ጫቱ ላይ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ጫት ላይ ፀረ-ተባይ መርጨት የተለመደ መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። ነፋስ ያመጣው ርጭት መጀመሪያ የሚያርፈው ቀጥሎ ባለው መደብ ላይ ነው። ንጹሑ መደብ ደግሞ እዚያው ነው የነበረው። የጫቱን ባለቤት መቼና ምን እንደረጨ ይጠይቁት። ርጭቱ አኩሪ አተሩ ካበበ በኋላ ከነበረ የዝርያውን ንጽሕና ለዝርያው ሳይሆን ለመድኃኒቱ መስጠት ይቀላል። ለወደፊቱም ከጫት፣ ከቲማቲምና ከሽንኩርት ማሳ አጠገብ የተባይ ፈተና አይዝሩ። ጫቱም ሽንኩርቱም ቲማቲሙም ይረጫል፤ ቲማቲሙ በዚያ ላይ ለጓይ ትል ሁለተኛ ቤት ነው።

ሦስተኛው ችግር መደቡ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ተባይ በማሳ ላይ እኩል አይሰራጭም። ክሽክሽ ክንፍ አውጥቶ ይመጣና ባረፈበት ቦታ ይራባል፤ እዚህ ጥግ ተጨናንቆ አሥር እርምጃ ርቆ ባዶ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ የሚገባበት ዳርና የማሳው መሃል አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ዝርያ አንድ መደብ ብቻ ካለው ልዩነቱ ከዝርያው ይምጣ ከቦታው መለየት አይቻልም። መደቡን ማስፋት ይህን አይፈታውም። የሚፈታው መደቡን አሳንሶ በማሳው የተለያየ ቦታ መደጋገም ነው።

ርጭቱ ደግሞ የቀረውን ደባለቀው። አንድ ቀን በተረጨ መድኃኒት አንዱ ዝርያ ልክ በሚፈልገው ሰዓት ተጠብቆ ሌላው ያለጊዜው ተረጭቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ሰፊ ገዳይ መድኃኒት ክሽክሽ የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ሸረሪቶችም ይገድላል። ከዚያ ክሽክሹ ያለ ጠላት ተመልሶ ይራባል። ካራቴን የመሳሰሉ የፓይሬትሮይድ መድኃኒቶች ሲደጋገሙ በደረቅና ሞቃት ሰሞን ቀይ ሸረሪት መሰሉን ደቃቅ ተባይ ያስነሳሉ። ይህ በድሬዳዋ ሙቀት በጣም የሚጠበቅ ነው። ሰው ግን ዝርያው ተባይ መቋቋም አቃተው ብሎ ይጽፋል። አርሶ አደሩን አልወቅስም፤ ማሳው የእሱ ነው፣ የሚበላውም ከዚያ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሳይረጭ ለሚቆመው መሬት የሚደርስበትን ጉዳት እንደምትክሱት ቀድማችሁ ተስማሙ። ያለዚህ ስምምነት ያልተረጨ መደብ እስከ አጨዳ አይደርስም።

«ትል በላቸው» ያሉትም መታረም አለበት። አኩሪ አተር ቅጠል ማጣትን ከምንገምተው በላይ ይችላል። ከማበቡ በፊት ከቅጠሉ 30 በመቶ ያህል ቢበላም፣ ውሃና ምግብ ካላጠረው፣ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ምርቱን ብዙም ሳይቀንስ ሊደርስ ይችላል። ቆባ ሲይዝና ፍሬ ሲሞላ ግን ትዕግሥቱ ያልቃል። ያኔ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የቅጠል ጉዳት ርምጃ ያስፈልገዋል። ዓይንን የሚስበው የተቦደሰ ቅጠል ነው፤ ትልቁን ኪሳራ የሚያመጣው ግን ብዙ ጊዜ ቆባ ላይ አርፎ ፍሬውን የሚመጥጠው አረንጓዴ ትኋን ነው። ቆባው ከውጭ ደህና ይመስላል። ሲፈለፈል ፍሬው ተጨማዶና ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። ስለዚህ ከሦስቱ ዝርያዎች የቱ የበለጠ እንደተጎዳ ቅጠሉን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ዘሩ አሁንም በእጃችሁ ካለ ከየዝርያው አንድ አንድ እፍኝ ወስዳችሁ የተጨማደደውን ለይታችሁ ቁጠሩት። ንጹሕ ያላችሁት ዝርያ ላይ ያልጠበቃችሁት ነገር ልታገኙ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ መቋቋም እንምጣ። አንድ ዝርያ ተባይን በሦስት መንገድ ይቋቋማል። የመጀመሪያው ተባዩ እንዳይወደው ማድረግ ነው፤ መጥቶ አያርፍበትም፣ ቢያርፍም እንቁላል አይጥልበትም። የአኩሪ አተር ቅጠልና ግንድ ጸጉር እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ አለው። ጸጉር አልባ የሆኑ አኩሪ አተሮች በቅጠል መጣጩ ዘላይ ተባይ በጃሲድ ክፉኛ ይጠቃሉ፤ ጸጉራሞቹ ብዙም አይነኩም። ይህ ማለት ግን ጸጉር ለሁሉም ተባይ መከላከያ ነው ማለት አይደለም። ጥጥ ላይ ጸጉራም ቅጠል ጃሲድን ሲከላከል ነጭ ዝንብንና የጓይ ትልን እንቁላል ደግሞ ይስባል። በአንዱ ተባይ ላይ የጠቀመ ጠባይ በሌላው ላይ ይጎዳል።

ሁለተኛው መንገድ የበላውን ተባይ መጉዳት ነው። ትሉ ቅጠሉን ይበላል፤ ነገር ግን በቅጠሉ ውስጥ ባለው ንጥረ ነገር የተነሳ ዕድገቱ ይዘገያል፣ ይቀጭጫል፣ ከፊሉም ይሞታል። ሦስተኛው ቻይነት ነው። ተባዩ እኩል ያርፍበታል፣ እኩል ይበላዋል፣ ምርቱ ግን ብዙም አይወርድም። ቻይ ዝርያ ማሳ ላይ ሲታይ የተጎዳ ነው። ተባይ በመቁጠር ብቻ ብትመርጡ መጀመሪያ የምትጥሉት እሱን ነው። ለአርሶ አደሩ ደግሞ ምናልባት ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ሊሆን ይችላል፤ ተባዩ ላይ ጫና ስለማያሳድር ተባዩም ለመላመድ አይገደድም። ይህን ያነሳሁት የፈተናችሁን ቅርጽ ስለሚወስን ነው።

የአሜሪካውን ነገር በአጭሩ ልመልስ። የአኩሪ አተር ክሽክሽ የሚባለው ከእስያ የመጣ ራሱን የቻለ ዝርያ ነው፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተገኘው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ዳውሊንግና ጃክሰን የተባሉ ነባር የአኩሪ አተር ዝርያዎች ይህን ክሽክሽ እንደሚቋቋሙ ታወቀ፤ በኋላም በዳውሊንግ ውስጥ ራግ1 የተባለው ጂን ተለየ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ራግ1 ባለው ተክል ላይ እንደልብ የሚራባ የክሽክሽ ዓይነት ኦሃዮ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። ጂኑ የተመረጠው ለዚያ ክሽክሽ ነው፤ በእኛ አካባቢ ጥራጥሬ ላይ የምናያቸው ጥቁሮቹ ክሽክሾች ሌሎች ናቸው፤ እዚህ ይሠራል ብሎ መገመት አይቻልም። በአንድ ጂን ላይ ብቻ የቆመ መከላከያም ተባዩ ቶሎ ይላመደዋል። ቅጠል በል ተባዮችን የሚቋቋሙ ከጃፓን የመጡ ሦስት የአኩሪ አተር ዓይነቶች በ1971 እ.ኤ.አ. ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ተለይተው ነበር። ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት አዳቅለዋቸዋል። ገበሬ እጅ የደረሱት ግን ጥቂት ናቸው፤ ከመቋቋሙ ጋር የምርት ማነስም አብሮ ይመጣ ነበርና። ስለዚህ ከውጭ ማስመጣትን የመጀመሪያ ርምጃ አያድርጉት። የውጭ ዘር ያለ ኳራንቲን (የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር) ፈቃድ ማስገባት ደግሞ ሕገወጥ ነው፤ አዲስ በሽታና ተባይ ይዞ ሊገባም ይችላል።

የአገራችን አኩሪ አተር በብዛት የሚመረተው በምዕራቡ ክፍል ነው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጃዊና በጅማ አካባቢ። እዚያ ዝናቡም ተባዩም ሌላ ነው። እዚያ «ደህና ነው» የተባለ ዝርያ ባቢሌ ላይ በራሱ መፈተን አለበት። የእናንተን ሥራ የማከብረውም ለዚህ ነው፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ አሠራሩ ግን መስተካከል አለበት።

ፈተናው ከዘር በፊት ይጀምራል። የትኛው ተባይ እንደሆነ ሳይለዩ «ተባይ የሚቋቋም» ዝርያ መፈለግ አይቻልም። ዘንድሮ ዝርያዎቹን ሳያወዳድሩ በፊት አካባቢው ላይ ባለ ማንኛውም አኩሪ አተርና ቦሎቄ ላይ በየሳምንቱ ይዙሩ። በቡቃያነት ዘመኑ የሚጠወልግ ተክል ካዩ ነቅለው የግንዱን ሥር በምላጭ ይሰንጥቁ። ሥሩ አብጦና ተሰንጥቆ፣ ውስጡ ትንሽ ነጭ ትል ወይም ቡናማ ሙሽሬ ካለ የቦሎቄ ግንድ ዝንብ ነው። ብዙ ሰው ይህን በሽታ ወይም የውሃ እጥረት ይለዋል። ቀጥሎ የቅጠሉን ጀርባ ይዩ፤ ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ትሪፕስ የተባሉት ደቃቅ ተባዮች የሚደበቁት እዚያ ነው። ካበበ በኋላ ሁለት መስመር መሃል ነጭ ጨርቅ አንጥፈው ተክሉን ወደ ጨርቁ አዘንብለው ያራግፉ። የሚወድቀውን ትልና ትኋን በዚያው ይቁጠሩ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን፤ ሲሞቅ ትኋኑ ይበራል።

በዚህ ቅኝት ወቅት አንድ ነገር ከተባይ ጋር እንዳታምታቱ። አኩሪ አተር ከዚህ በፊት ባልተዘራበት መሬት ላይ ለሥሩ የሚስማማው ራይዞቢየም ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ አይኖርም። ዘሩ ይህን ባክቴሪያ በያዘ ባዮ ማዳበሪያ ካልታሸ ተክሉ ናይትሮጅን ተርቦ ይቀጭጫል፣ ይገረጣል። ቅጠሉ ላይ ሁለት ሦስት ክሽክሽ ከታየ ጥፋቱ በሙሉ ለክሽክሹ ይሰጣል። ሲያብብ አንድ ሁለት ተክል በጥንቃቄ ቆፍረው ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ይክፈሉ። ውስጣቸው ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠሩ ነው። በፈተናው ላይ ሁሉንም ዝርያ በእኩል መጠን አሽታችሁ ዝሩ፤ አለበለዚያ የምትለኩት ተባይን ሳይሆን ረሃብን ነው።

የፈተናውን ቅርጽ እንዲህ አድርጉት። አራት ዝርያ ይበቃል። ሦስቱ የእናንተ ይሁኑ፣ አራተኛው በአካባቢው በተባይ እንደሚጠቃ የታወቀ ማነጻጸሪያ ይሁን። ያለ ማነጻጸሪያ ምንም አትዝሩ። በዚያ ክረምት ማነጻጸሪያው ራሱ ንጹሕ ሆኖ ካለፈ ተባይ አልመጣም ማለት ነው፤ የሌሎቹም ንጽሕና ምንም አይነግራችሁም፤ ዓመቱን እንዳልተፈተነ ቁጠሩት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ሕግ ይህ ነው። ያለፈው ክረምት ሙከራችሁ የጎደለው ዋና ነገርም እሱ ነው።

ማሳውን ለአራት ብሎክ ክፈሉ። በእያንዳንዱ ብሎክ አራቱም ዝርያ ሁለት ሁለት ጊዜ ይዘራል፤ አንዱ የሚረጭ፣ አንዱ የማይረጭ። ይህ 32 መደብ ይሆናል። መደቡ አራት መስመር ይኑረው፤ በመስመር መሃል 60 ሴንቲ ሜትር፣ በተክል መሃል 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። እያንዳንዱ መደብ ወደ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ መተላለፊያው ተጨምሮ ሁሉም ከ500 ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ለአንድ ዝርያ አንድ ኪሎ ዘር ይበቃል። የዝርያዎቹን ቦታ በየብሎኩ በዕጣ አውጡ። እጅ በዘፈቀደ የመረጠው የሚመስለው ቦታ ብዙ ጊዜ በዘፈቀደ አይደለም፤ የምንወደውን ዝርያ ሳናውቀው ጥሩ አፈር ላይ እናስቀምጣለን። መደቦቹን በቁጥር ብቻ ሰይሙ፤ ተባይ የሚቆጥረው ሰው የትኛው ዝርያ እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል።

የሚረጩትንና የማይረጩትን መደቦች በየብሎኩ ለብቻ ለብቻ ሰብስባችሁ በመሃላቸው ቢያንስ ሁለት ሜትር ክፍተት ተዉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ይረጭ፤ ሁለት ሰው በሚረጨውና በማይረጨው መደብ መሃል ፕላስቲክ ሸራ ይዞ ይቁም። ለሰብሉ የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ፣ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ይሁን። አንድ ዓይነት መድኃኒት ወቅቱን ሙሉ አትደጋግሙ። ጓንት፣ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ግዴታ ነው። ባዶ ዕቃው ውሃ መቅጃ እንዳይሆን ብሱት፤ ይህን በገጠሩ ደጋግሜ ስለማየው ነው የማሳስበው።

ተክሉ ከበቀለ በኋላ መጀመሪያ የቆመውን ተክል ብዛት ቁጠሩ። የአኩሪ አተር ዘር የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ሳሳ ብሎ የበቀለ መደብ ላይ ተባዩ በጥቂት ተክል ላይ ስለሚከማች ዝርያው የተጠቃ ይመስላል። ከዚያ በየሳምንቱ ከሁለቱ መሃል መስመሮች አሥር ተክል በዕጣ እየመረጣችሁ ተባይ ቁጠሩ። ለግንድ ዝንብ ግን ተክል መንቀል ስለሚያስፈልግ ከዳር መስመሮች ውሰዱ። ከቁጥሩ ጎን ተክሉ በዚያ ቀን ያለበትን ደረጃ ጻፉ፦ ቅጠል፣ አበባ፣ ቆባ፣ ፍሬ መሙላት። ይህን ካልጻፋችሁ ያመለጠውንና የተቋቋመውን በኋላ መለየት አትችሉም።

አጨዳው ላይ የመሃል ሁለት መስመሮችን ብቻ፣ ከሁለቱም ጫፍ ግማሽ ግማሽ ሜትር ትታችሁ እጨዱ። የሚቀረው 3.6 ካሬ ሜትር ነው። ሚዛኑ ትክክል ይሁን፤ በዚህ ስፋት ላይ 100 ግራም ስህተት በሄክታር ወደ 3 ኩንታል ገደማ ይሆናል። የ100 ፍሬ ክብደትና የተጨማደደ ፍሬ ድርሻ ለብቻው ይመዝገብ።

ውጤቱን እንዴት ታነቡታላችሁ? ለምሳሌ ያህል አንዱ ዝርያ ተረጭቶ 20፣ ሳይረጭ 18 ኩንታል ሰጠ እንበል። ያጣው 10 በመቶ ነው። ሌላው ተረጭቶ 26፣ ሳይረጭ 21 ሰጠ። ያጣው 19 በመቶ ነው። በመቋቋም የመጀመሪያው ይበልጣል። መርጨት ለማይችል አርሶ አደር ግን 21 ከ18 ይሻላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ለአዳቃይ፣ ሁለተኛውን ለገበሬ እመርጣለሁ። ልዩነቱን የምታምኑት ደግሞ በአራቱም ብሎኮች ወይም ቢያንስ በሦስቱ አንድ አቅጣጫ ሲያሳይ ነው። አማካዩ በአንድ ብሎክ ብቻ የተጎተተ ከሆነ ያ የቦታ ነገር ነው።

አንድ ዝርያ ሜዳው ላይ ተባይ ሳያርፍበት ከቀረ፣ ሌላ ምርጫ ስላለው ይሁን ወይም በእርግጥ ስለማይስማማው ለማወቅ የማሰሮ ፈተና ጨምሩበት። ከየዝርያው አምስት አምስት ማሰሮ ዝሩ። በእያንዳንዱ ላይ አሥር አሥር ክንፍ አልባ ክሽክሽ አድርጋችሁ ለየብቻ ሸፍኗቸው፤ ከሳምንት በኋላና ከአሥር ቀን በኋላ ቁጠሩ። ሌላ የሚበላው አጥቶም ካልተራባ ተክሉ ይጎዳዋል ማለት ነው። እንደልቡ ከተራባ ግን ዝርያው አጠገቡ የተሻለ ምግብ ስላለ ብቻ ነበር የተረፈው። አርሶ አደሩ ማሳውን በሙሉ በዚያ ዝርያ ሲዘራ ያ የተሻለ ምግብ አይኖርም። ለመሸፈኛ አጎበር እንዳትጠቀሙ። የአጎበሩ ቀዳዳ ለክሽክሽ ሰፊ ነው፤ ለወባ የሚታደለው አጎበር ደግሞ በፀረ-ተባይ የተነከረ ስለሆነ የምትፈትኑትን ተባይ ይገድልባችኋል። ያልተነከረ ስስ ሻሽ ይበቃል።

ቦታን በተመለከተ፣ ባቢሌ ወደ 1,650 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,880 ሜትር፣ ድሬዳዋ ከተማ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሙቀቱ ልዩነት የተባዩም የሰብሉም ፍጥነት ይለያያል። ዋናውን ፈተና ባቢሌ በኩል፣ ሁለተኛውን ሐረር ወይም ሐረማያ አካባቢ አድርጉት። ድሬዳዋ ላይ ያለ መስኖ አትሞክሩ፤ ድርቁ የተባዩን ውጤት ይሸፍነዋል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የፈዲስ ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለቱም ቅርባችሁ ናቸው። ዕጣ አወጣጡንና ትንተናውን ከዘር በፊት አሳዩአቸው። ከአጨዳ በኋላ ይዛችሁ ብትሄዱ የሚያርሙት ነገር አይኖርም።

ከዝርያ የማይጠበቅም አለ። የበረሃ አንበጣ መንጋ ሲመጣ ምርጫ የለውም። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ ለማረፍ የቀረበ የመንገደኞች አውሮፕላን በአንበጣ መንጋ ምክንያት አዲስ አበባ ሄዶ እንዲያርፍ ተገዷል። ያን የመሰለ ነገር የሚያቆም አኩሪ አተር የለም። የሚቋቋም ዝርያ ሲገኝም ተባዩን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም፤ ቅኝቱ፣ ሰብል ማፈራረቁና በጊዜ መዝራቱ አብረው ይቀጥላሉ።

እንግዲህ የምመክረው ይህ ነው። ዘሩን «ተባይ ይቋቋማል» ብላችሁ አታባዙ፣ አታከፋፍሉ። ቢያንስ ሁለት ክረምት፣ በሁለት ቦታ፣ ማነጻጸሪያው የተጠቃበትን ዓመት ብቻ እየቆጠራችሁ ፈትኑት። ዝርያው በአገሪቱ የተመዘገቡ ዝርያዎች መዝገብ ላይ ያለ ከሆነና አርሶ አደሮቹ በምርቱ ከወደዱት ዘንድሮም ሊዘሩት ይችላሉ። ያኔ የምትነግሯቸው «ፈጥኖ ይደርሳል፤ ተባዩን ግን በየሳምንቱ እዩ» የሚለውን ነው። ለፈተናው የሚሆነውን ዘር አሁኑኑ ለይታችሁ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ በቆርቆሮ መጋዘን ሙቀት ውስጥ እስከ ሰኔ አይቆይም። ከመዝራታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ከየዝርያው 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አብቅሉ። ከ80 በታች የበቀለውን ዝርያ ዘር ቀይሩ።